የዱሉኻሊ ባዶ መስመሮች

ማህፉዛ የአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶችን ፋይል ኮምፒውተሯ ላይ ጫነች፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት መስመሮች አየች፤ ደኅና ናቸው። የመጨረሻዎቹንም አየች፤ እነሱም ደኅና። ዳካ በሚገኘው የውኃ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ልማዷ ይኸው ነው፤ ጭና አትቸኩልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ልጆቼ?

ከዚያ ማጠቃለያውን አወጣች። የአርሴኒክ መርዝ ልክ በሚጻፍበት ዓምድ ላይ አርባ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ።

አለቃዋ ሪያሳት በዕድሜ ታናሿ ስለሆነ «አፓ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የሚላት። ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፈርላቸው ወረዳዎች ዝርዝር ከቀትር በፊት መላክ አለበት፤ ከዝርዝሩ የቀረ ወረዳ አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ መርዝ ሲጠጣ ይከርማል።

«አፓ፣ ባዶ የሌለው ፋይል የት አይተው ያውቃሉ? ያውጧቸውና እንላከው።»

«ሪያሳት ባይ፣ ወንድሜ፣ ባዶዎቹ የት የት እንዳሉ ልቁጠር።»

«የጎረቤት ዶሮ ይመስል ሊቆጥሯቸው ነው?»

«ሁለት ደቂቃ። እስከዚያ ሻይዎን ይጠጡ።»

በየወረዳው ከፋፍላ ቆጠረች። ባዶዎቹ ሁሉ የአንድ ወረዳ፣ የዱሉኻሊ ናቸው። ከዚያ ወረዳ ልኩ የተጻፈ አንድ ጉድጓድ እንኳ የለም። እንዲህ ያለ ነገር መቼም በአጋጣሚ አይሆንም። እዚያ ልኬታውን ለመራው ለአዛውንቱ ኒርማል ደወለች።

«ኒርማል ዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ጉድጓዶቹን ለክተዋቸዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው! ሃያ ሰው ይዤ አራት ወር ጭቃ ስረግጥ ከርሜ!»

«ታዲያ ቁጥሩ ወዴት ገባ?»

«እዚያው አለ። አሳምሬ በቤንጋሊ ቁጥር አስገብቼዋለሁ። የአገሬን ውኃ በባዕድ ቁጥር ልጻፈው እንዴ?»

ማህፉዛ ሳቋን ዋጠች። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሺህ መስመር ብቻ አይቶ ዓምዱ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ይገምታል፤ ከዚያ ወዲያ የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው ባዶ አድርጎት ያልፋል። ፋይሉን እንደገና ጫነችው፤ አሁን ግን ዓምዱን እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው አዘዘችው። የኒርማል ቁጥሮች ተደርድረው ወጡ። አሥሩን የቤንጋሊ ቁጥሮች ፕሮግራሙ በሚያውቃቸው ተካቻቸው፤ ዱሉኻሊ በመርዙ ብዛት ከዝርዝሩ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ።

ሪያሳት ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አሁንም ባዶ ናቸው፤ እነሱስ?» አላት።

መልሳ ደወለች።

«የእነዚያማ ፓምፑም የለ» አለ ኒርማል። «ባለቤቶቹ ብረቱን ነቅለው ሸጠውታል። የሌለ ውኃ ልለካ?»

«የወረዳውን አማካይ ልክ እንሙላባቸው ይሆን?» አለ ሪያሳት።

«የለም ተብሏል እኮ፣ ባይ።»

ባዶዎቹን እንዳሉ ተወቻቸው። ዝርዝሩን ስትልክ ለቀትር ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።