አረንጓዴዋ ሩታ

...ደግሞም ዝም ማለቷ ጥሩ ነው፣ የሌሎቹ ልጆች ይኸው ይጮሃሉ፣ ድምፅ ማጉያው ያስፈራቸዋል፣ ሳያት ግን ዝም፣ ጨዋ ልጅ፣ ምንም አትል፣ እያለች ታስባለች ሩታ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ የጤና ምርመራው ድንኳን ፊት ተሰልፋ፣ ሳያት የእናቷን ሹሩባ ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ትጠባለች፣ ተይ አንቺ፣ ፀጉር ይበላል እንዴ፣ ትነጥቃታለች፣ ልጅቷ መልሳ ትይዘዋለች፣ ጥርስ ልታወጣ ነው፣ ጥርስ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

እሁድ ጠዋት። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል፣ ባህል አዳራሽ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ የፋብሪካው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ይዘላል፣ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ ተንፍሱ፣ የከተማው ጤና ሰዎችም መጥተው አብረው ይዘላሉ። ቸርች ይሄኔ መዝሙር ላይ ናቸው። የቀረሁት ለምን እንደሆነ ጌታ ያውቃል፣ ለመጨፈር አይደለም፣ ለካርዱ ነው፣ ለሷ ነው።

ካርዱ። ዛሬ ይሰጡኛል። ስሜን ይጠሩና መድረክ ላይ ወጥቼ እቀበላለሁ፣ ከዚያ ሳያትን ቢያተኩሳት፣ ብትወድቅ፣ ምንም ብትሆን ካርዱን ማሳየት ነው፣ በቃ።

አቶ ግዛቸው፣ የሰው ኃይሉ ኃላፊ፣ ያን ቀን ካንቲን ውስጥ ሰብስቧቸው ያለው ዛሬም ጆሮዋ ላይ አለ፣ ውድ ሠራተኞቻችን፣ ድርጅታችን ለሕክምና የሚያወጣው ወጪ ከአቅም በላይ ሆኗል፣ መንግሥትም አኗኗራችሁን አስተካክሉ እያለ ነው፣ በመሆኑም ከእንግዲህ ጤናውን ለሚጠብቅ ሠራተኛ የቤተሰብ ሕክምና ካርዱ ይታደስለታል፣ ለማይጠብቅ አይታደስም፣ ምርጫው የእናንተው ነው፣ አለና ሊመርቃቸው እንደመጣ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ከዚያ ክንድ የሚያንቀውን መሣሪያ አመጡ። የሩታ ደም ግፊት ሳያትን ስትወልድ የጀመራት ነው፣ መሣሪያው ጮኸ፣ ባጇ ላይ ቀይ ነጥብ ለጠፉባት። ሀያት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ኮሌታ የምትሰፋው፣ ቀይዋ መጣች፣ ቀይዋ ሄደች ስትል ከረመች፣ እኔ ጠይሟ ቀይ ሆኜ አረፍኩት፣ ተሳሳቁ። ማታ ግን ሩታ አለቀሰች። ኩማ ባለቤቷ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ዓይኗን አይቶ፣ በነጥብ ይለቀሳል እንዴ የኔ እናት፣ አላት። ይለቀሳል። ካርድ የሌለው ሰው ልጅ ይዞ እንዴት ይተኛል።

ስለዚህ ተወችው፣ ሁሉንም ተወች። ካንቲኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ለጥፈው ነበር፣ ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ሩታ ፊደል በፊደል ነው የምታነበው፣ አንዱን መስመር ሳትጨርስ የሻይ ሰዓት ያልቃል፣ ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው፣ የዘይት ጠርሙስ በቀይ ተሰርዟል፣ ጨው ተሰርዟል፣ ስኳር ተሰርዟል፣ ቅቤ ተሰርዟል። ቤቷ ያለው ድስት አንድ ነው። ዘይት የሌለው ጎመን፣ ጨው የሌለው ሽሮ፣ ቅጠል ብቻ ያለው ሻይ። ኩማ ቀመሰና፣ ድስቱን ያጠብሽበትን ነው እንዴ ያቀረብሽልኝ፣ ብሎ ሳቀ፣ እሱ ይስቃል፣ እሱ መናኸሪያ ጋ ከነጓደኞቹ በልቶ ነው የሚመጣው። ሳያት ግን ከዚያው ከድስቱ። እኔ የበላሁትን ነው ያበላኋት፣ እንደውም ቅድሚያ ለሷ ነው የሰጠሁት፣ መጀመሪያ ለሷ።

በእግር መሄድም ግፊት ያወርዳል አሏት፣ ከሰፈሯ ከታቦር እስከ ፋብሪካው ድረስ በእግሯ መመላለስ ጀመረች፣ ግፊቷ ወረደ፣ የባጇ ነጥብም አረንጓዴ ሆነ፣ ጡቷ ደረቀ፣ ይሁን፣ ልጅቷ አድጋለች።

ቅቤው ደግሞ። የኩማ እናት ከይርጋለም በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በሰው ይልካሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ቆጮውን በቅቤ አሽተሽ አጉርሻት፣ የኔ ልጅ፣ እሺ እናቴ፣ እሺ። የድሮ ሰው ናቸው፣ ስለ ግፊት ምን ያውቃሉ፣ የልጄን ደም ሥር ላስደፍን ነው እንዴ። መጣል ግን ያስነውራል። ፀጉሯን ተቀባችው። ቅቤ በመጣ ቁጥር ፀጉሯን፣ ፀጉሯም አማረ፣ ሀያት እንኳ፣ አንቺ ግፊትሽ ወርዶ ፀጉርሽ ወጣ አላት። ሳያት ያኔ ነው ሹሩባ መጥባት የጀመረችው። ጥርስ ነው።

ቀጣይ፣ ይላል ድንኳኑ።

ሲስተር መዓዛ ከጤና ጣቢያ የመጣች ናት፣ እናቶቹን ለክታ ስታበቃ ልጆቹንም ታያለች፣ እስቲ ትንሿንም አምጫት፣ ትላለች፣ የሳያትን እጅጌ ሰብስባ ክንዷ ላይ ባለቀለሟን ማተብ የመሰለች የውፍረት መለኪያ ታዞራለች፣ ትስባለች፣ አረንጓዴው አለፈ፣ ቢጫው አለፈ። ቆመ። እንደገና ፈትታ ታዞራለች። ቀይ። እኔ እኮ አረንጓዴ ሆኛለሁ ሲስተር፣ ዛሬ ልሸለም ነው። ሲስተር አትሰማትም፣ የሳያትን ካልሲ ታወልቃለች፣ የልጅቷን እግር በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ታነሳለች። ጉድጓዱ አልሞላም። ሩታ ታየዋለች፣ ጉድጓዱ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ሊጥ ላይ እንደቀረ የጣት ምልክት፣ እኔ እኮ ወፈረች ብዬ፣ እግሯ ሞላ፣ ፊቷም ሞላ ብዬ፣ ለኩማ እናት እንኳ የልጅ ልጅዎ ወፍራለች ብያቸዋለሁ።

ምንድነው የምትበላው፣ የኔ እህት።

ሁሉን እንደተማርነው ነው ሲስተር፣ ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ስኳር የለ፣ ጨው የለ፣ ስትል የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ የሲስተር ፊት፣ ምነው ፊቷ እንዲህ ሆነ።

ይሄን ለሕፃን አድርጊ ያለሽ ማነው።

ማንም። ማንም አላለኝም። ለሕፃን አይደለም ያለኝስ ማነው።

ውፍረት አይደለም፣ የምግብ እጥረት ያመጣው እብጠት ነው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትተኛለች፣ መኪና ልደውል፣ እዚሁ ጠብቂኝ፣ መድኃኒቷ በወተትና በስኳር ይጀምራል፣ ስትበረታ ደግሞ የኦቾሎኒ ቅባት ነው፣ ዘይት አለው፣ ጣፋጭ ነው፣ ይወዱታል። ካርዴን እስክቀበል ሲስተር፣ ካርድ ሳይኖረኝ እንዴት። ለዚህ ካርድ አያስፈልግሽም እኮ፣ ይሄ በነፃ ነው፣ ድሮም በነፃ ነው፣ ትላለች ሲስተር ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ።

በነፃ።

በነፃ ነበር። ወተትና ስኳር። ዘይት።

ድምፅ ማጉያው ስሟን ይጠራል፣ የወሩ ምርጥ እናት፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ የተሻገረችው እህታችን ሩታ፣ ጭብጨባ፣ ሀያት ከሕዝቡ መሃል ብቅ ብላ ክንዷን ትይዛለች፣ ነይ እንጂ አንቺ ምን ትጎለቻለሽ፣ አረንጓዴዋ፣ እኔም እኮ እንዳንቺ ጀምሬያለሁ፣ ከሰኞ ወዲህ ዘይት ቤቴ አልገባም። ሀያት ጀርባዋ ላይ ሰኢድን አዝላለች፣ ገና መዳህ የጀመረ፣ ጉንጩ ድቡልቡል። ቆይ ሀያት፣ ቆይ፣ ግን እጆች ከኋላ ይገፏታል፣ ደረጃው፣ መድረኩ፣ አቶ ግዛቸው ካርዱን በግራ ማይኩን በቀኝ ይዞ፣ እስቲ ለሠራተኞቻችን ንገሪያቸው፣ እንዴት ቻልሽው፣ ይላል፣ ማይኩን አፏ ስር ያደርጋል።

ስንት ሰው ነው። ስንት ልጅ የታቀፈ። ሁሉም ያየኛል፣ ብናገር ልጇን የጎዳች ይሉኛል፣ ይበሉኝ፣ ኩማ ምን ይላል፣ እናቱ ምን ይላሉ፣ እሺ እናቴ ስላቸው የከረምኩት፣ ጉድጓዱ አልሞላም፣ አልሞላም።

ቅቤ፣ ትላለች ሩታ።

አዎ፣ ቅቤ ትታለች፣ አጨብጭቡላት፣ ይላል አቶ ግዛቸው ማይኩን ወደ ራሱ መልሶ፣ ያጨበጭባሉ፣ ሀያትም ታጨበጭባለች፣ ሰኢድ ጀርባዋ ላይ ይነጥራል።

ሩታ እጇን ሰዳ ማይኩን ትይዛለች፣ ከእጁ አታስለቅቀውም፣ ትስበዋለች ብቻ፣ ሀያት፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ከሕንፃዎቹ ተጋጭቶ ሲመለስ የሌላ ሰው ይመስላታል፣ ሀያት፣ ለሰኢድ ቅቤ ስጪው፣ ዘይትም ስጪው፣ የኔ ልጅ ልትሞትብኝ ነው።

ጭብጨባው እዚህም እዚያም ይቆማል። አቶ ግዛቸው ካርዱን እንደዘረጋ ቀርቷል፣ ከድንኳኑ በር ሲስተር መዓዛ እጇን ታውለበልባለች፣ መኪናው መጥቷል፣ ነይ። ሳያት የሹሩባውን ጫፍ አገኘች። ማይኩ ገና አጠገባቸው ነው፣ ትንሿ አፍ ስትጠባ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ እስከ አስፋልቱ ጫፍ፣ ጭፕ፣ ጭፕ፣ ጥርስ አይደለም፣ ጥርስ አልነበረም፣ ቅቤውን ነው፣ ሩታ አልነጠቀቻትም፣ ሹሩባው እንዲደርስላት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ደረጃውን መውረድ ትጀምራለች