ካርታ የማይጥሉት ሰው

ፀጉር አስተካካዩ ካርታ የሚጫወተው ሁለት ቦታ ነበር፤ ጨዋታውም እንደ ቦታው ይለያያል። ሐሙስ ሐሙስ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት ሆቴል ይሄዳል። እዚያ መግቢያው፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ ለመቀመጥ የሚያስይዙት ገንዘብ፣ የሳምንት ገቢውን ያህላል። ስለዚህ የአንድ መግቢያ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ካለቀችበት ጃኬቱን አንሥቶ ይወጣል እንጂ ሁለተኛ አይገዛም። ነጋዴዎቹ ገንዘብ አይቸግራቸውም፤ በሰው ፊት መሸነፍ ግን ሞታቸው ነው። እጁ ላይ ምንም ባይኖር እንኳ ጠንከር አድርጎ ገንዘብ ሲጨምርባቸው ካርታቸውን ጥለው ያስያዙትን ይተዉለታል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አናጺው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። የመላጊያውን ጠረጴዛ ጠርገው አራት ሆነው ይቀመጣሉ፦ እሱ፣ አናጺው፣ አንድ የሒሳብ መምህርና ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ። እዚህ መግቢያው ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሦስቴ ቢገዙም አይጎዳም። መምህሩ ሒሳቡ ካልሞላለት አይገባም። አናጺው ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ማንቁርቱን ያካል። ጋሼ ግን ካርታ አይጥሉም። ማንም ምንም ያህል ቢጨምር ያሟላሉ፤ መጨረሻ ላይ አምስቱን ካርታ ዘርግተው "እናንተው ፍረዱ" ይላሉ።

እሳቸውን ለማስፈራራት መሞከር ውሃ መውቀጥ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲረዳ አጨዋወቱን ለወጠ። በባዶ እጅ መጨመሩን ተወ፤ ጥሩ ካርታ እስኪደርሰው ታግሶ፣ ሲደርሰው አለርኅራኄ ይጨምራል። ጋሼ ይከተላሉ፤ እሱ ይሰበስባል። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። በዚያ ገንዘብ በእግር ሲረግጡት ከፍና ዝቅ የሚል አዲስ የደንበኛ ወንበር ገዛ።

"የጡረታ ገንዘባቸው እኮ ነው" አለችው ሚስቱ።

"ማን አስገደዳቸው? ግትር ናቸው። ግትርነት ደግሞ ያስከፍላል።"

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ሊስተካከሉ መጡ። ቆርጦ ሲጨርስ እንደ ልማዱ የእጅ መስታወቱን ከማጅራታቸው በስተኋላ ያዘላቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ ፊት ለፊታቸው ወዳለው ትልቅ መስታወት እያዩ። "ከኋላ ንጹሕ ሆኗል፤ እጅህ ይባረክ።"

አመሰግናለሁ ሊል ሲል እጁን አየ። መስታወቱን የያዘው ገልብጦ ነበር፤ ወደ ጋሼ የዞረው እንጨቱ ነው። ሄዶ በሩን ዘጋ።

"ጋሼ፣ መስታወቱን በጀርባው ነበር እኮ የያዝኩት።"

ከፎጣው ሥር እጃቸው ወጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ዳበሰና ያዘ።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዓመት አለፈው። ጥላ ጥላውን አያለሁ። ካርታው ላይ ቀዩን ከጥቁሩ እለያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን አይጥሉም ነበር? ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ይከተሉኝ ነበር?"

"ለመጣል እኮ የያዙትን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ልጄ።"

ፀጉር አስተካካዩ የእጅ መስታወቱን አስቀመጠ። "እኔ ግትር መስለውኝ ነበር።"

"እንደዚያ እንዲመስላችሁ ነበር የምፈልገው። ልጄ ይህን ከሰማች በማግስቱ መኪና ይዛ ትመጣለች። ቤቴን ዘግታ፣ እሷ ካለችበት ከተማ ወስዳ ሶፋ ላይ ታስቀምጠኛለች፣ እንደ ዕቃ። አደራህን።"

መሳቢያውን ከፍቶ ያለውን ገንዘብ ሁሉ መዳፋቸው ላይ አኖረ። ጋሼ ምን እንደሆነ በጣታቸው ለዩና መለሱለት። "መግቢያዬን ከፍዬ የተሸነፍኩትን ማንም አይመጸውተኝም።"

ከዚያ ወዲያ ባሉት እሁዶች ጋሼ ሲከተሉ እሱ ይጥላል። ጋሼ ደግሞ ሁልጊዜ ስለሚከተሉ እሱ ሁልጊዜ ይጥላል። በሦስተኛው እሁድ አናጺው ተጠራጠረና የጣለውን ካርታ አንሥቶ ገለበጠው። ሦስት ንጉሥ ነበር።

"ሦስት ንጉሥ ይዞ የሚጥል የት አገር ነው ያለው?" አለ። "ከጋሼ ጋር ተመሳጥራችኋል! አንተ እየሸሸህ እሳቸው እየሰበሰቡ፣ ማታ ለሁለት ትካፈላላችሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ጋለ።

"ተናገር እንጂ!"

"የምለው የለኝም።"

"እንግዲያው ውጣልኝ። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዳላይህ።"

ተነሣ። ጃኬቱን ሲያነሣ ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

"ተቀመጥ! ሌባ አይደለም። ዓይኔ አያይም፤ እሱ ይህን ያውቃል፤ እንዳይናገር የለመንኩት እኔ ነኝ።"

አናጺው ሦስቱን ነገሥታት እንደያዘ ቀረ። መምህሩ ካርታዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረ፤ ሁለቴ ተሳስቶ በተናቸው። "ያን ሁሉ ጊዜ እኛ…" አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

ለልጃቸው የደወለው መምህሩ ነው፤ አልደበቀምም። እንደተባለው መኪና ይዛ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ወጣ። ጋሼ መኪናው ውስጥ ሆነው ድምፁን ሲሰሙ፣

"የነገርካት አንተ ነህ?" አሉት።

"አይደለሁም፣ ጋሼ።"

"እሺ" አሉ። መኪናው ሲንቀሳቀስም ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ደንበኛ አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የጋሼ ልጅ ነበረች።

"የዓይን ሞራ ነው ተባለ" አለችው። "ቀኙን ሐኪሙ ገፎላቸው አሁን ጋዜጣ ያነባሉ። ግራው ሌላም ሕመም ነበረበት። ከስድስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብሎናል።"

"እኔ እኮ በየሳምንቱ ፊት ለፊታቸው እቀመጥ ነበር" አላት። "ሰባት ወር ሙሉ ገንዘባቸውን በላሁ። አያዩም ይሆናል ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።"

"ነግረውኛል" አለች። "እኔም እኮ በየሳምንቱ እደውልላቸው ነበር። አባዬ ደህና ነዎት? ስላቸው ደህና ነኝ ይሉኛል፤ ደህና ናቸው ብዬ እዘጋለሁ። ብቻ… ለሻንጣው አመሰግናለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ደንበኛው ተመለሰ። አረፋው ሰውየው ጉንጭ ላይ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር።

"ኧረ ጌታው፣ ረሳኸኝ?" አለ ሰውየው።

"ይቅርታ" አለው። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሮ ፊቱን ጠረገለትና እንደገና ሳሙናውን መምታት ጀመረ።