ውሃ ያላመጣው ነፋስ

ሩፊና ረጅሙን ዘንግ ጭቃው ውስጥ ሰክታ ባላት ጉልበት ሁሉ ገፋችው። ዘንጉ እየሰመጠ ሄደ እንጂ ጀልባው ወይ ፍንክች።

ጠዋት ሲነሱ እኮ ከሥራቸው አንድ ክንድ ውሃ ነበር። ግራጫውን የፍላሚንጎ ጫጩት ከመንጋው ተለይቶ ሲንፈራገጥ ያየችው የስድስት ዓመቷ እህቷ ኤልባ ናት። "ሩፊ፣ እናምጣው" እያለች አላስቀምጥ አለቻት። ሩፊናም በአሥራ አንድ ዓመቷ ራሷን የበቃች ዓሣ አጥማጅ አድርጋ ስለምትቆጥር፣ አባታቸው ሳያይ ጀልባውን ይዘው ወጡ። ጫጩቱን አገኙት። ጨው እግሩ ላይ እንደ አልቦ ደርቆ አላራምድ ብሎት ነበር። እሱን አንስተው ቀና ሲሉ ግን ውሃው የለም፤ ከሥራቸው ሹልክ ብሎ ሄዷል። ዙሪያው ማጥ ብቻ ሆነ።

"አሁንስ?" አለች ኤልባ፣ ጫጩቱን በሹራቧ ጠቅልላ።

"አሁንማ መጠበቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይመጣና ውሃውን ይመልሰዋል። ከጀልባ አይወረድም።"

ይህን የሐይቁ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ከዳር ዳር ያመላልሰዋል። ጭቃ የያዘው ሰው ቁጭ ብሎ የተቆላ በቆሎውን ይቆረጥማል፤ ነፋሱ ሲመጣ ይንሳፈፋል። ወርዶ በእግሩ የሞከረውን ግን ማጡ ይውጠዋል። አባታቸው ዶን ኤቫሪስቶ ይህን ሺህ ጊዜ ነግሯቸዋል። የመንደሩ ግማሽ ጨው ፋብሪካ ልሥራ ብሎ ሲሄድ እሱ "ውሃው ይመለሳል" ብሎ ቀርቷል። እስከ ዛሬም በየማለዳው ቅጥራን አፍልቶ የጀልባውን ስንጥቅ ይደፍናል።

በቆሎው አለቀ። ፀሐይዋ አናታቸውን ጠበሰችው። ከመንደሩ በኩል አንድ ቀበሮ መጣና የሞቱ ዓሦችን እያሸተተ ተጠጋ፤ ከዚያ ጀልባው ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ ጫጩቱን ማየት ጀመረ።

"ምን ታፈጣለህ አንተ ሆዳም!" ጮኸችበት ኤልባ። "ምሳህ መሰለህ? ሂድ ወደዚያ!"

ቀበሮው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

ነፋሱ በሰዓቱ መጣ። ሩፊና ብድግ ብላ "መጣልሽ! ጠርዙን ያዢ!" አለች። ነፋሱ ፊታቸውን መታው፣ ፀጉራቸውን በተነው፣ ዓይናቸውን በጨው አቧራ ሞላው። ያን የሚያውቁትን የውሃ ሹክሹክታ ቢጠብቁ ቢጠብቁ የለም። አቧራ ብቻ ነው። ነፋሱ የሚገፋው ውሃ አጥቷል።

ኤልባ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "በእኔ ነው። ጠዋት ለሐይቁ ጣይ ብለሽ የሰጠሽኝን ከረሜላ… በላሁት።"

ወደ ሐይቁ ሲገቡ ጣፋጭ ነገር ሳይሰጡ አይገባም። ሩፊና አልተቆጣቻትም። ፈርታ ነበር። እዚያ አገር የሌሊቱ ብርድ ውሃ ያረጋል፣ ሰውም ይገድላል። ከሌሊቱ ይልቅ ያስፈራት ግን የአባቷ መሳሳት ነበር፤ እሱ ከተሳሳተ ማንን ልትጠይቅ ነው?

ዓይኗ ቀበሮው ላይ አረፈ። እንዴት መጣ ይሄ? ዱካውን በዓይኗ ተከተለችው፤ በአንድ መስመር ከመንደሩ እስከ ጀልባው ደርሷል፣ የትም አልሰመጠም። እሷ ከቀበሮ ትከብዳለች፤ ሳንቃ ላይ ብትተኛስ?

የጀልባውን ወለል መንቀል ጀመረች።

"ኧረ አባዬ ይገድለናል!" አለች ኤልባ።

"መጀመሪያ ቤት እንድረስለት።"

ፀሐይ ያለሰለሰው ቅጥራን ጥፍሯ ላይ ተጣበቀ። ሁለት ሳንቃ ነቀለች። አንዱን ዱካው ላይ ዘረጋችው፣ በሆዳቸው ተሳቡበት፤ ሌላውን አስቀደመች፣ የኋላውን ጎትታ መልሳ አስቀደመች። አንዴ የኤልባን እግር ማጡ ያዘው። ሩፊና በሁለት እጇ ስትጎትታት እግሩ ወጣ፣ ጫማው እዚያው ቀረ። ጫጩቱ በሹራቡ ውስጥ ይንጫጫል። ቀበሮው ተስፋ አልቆረጠም፤ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ደረቅ መሬት ረገጡ። አባታቸው ገመድ ይዞ ዳር ዳሩን እየሮጠ ደረሰ።

"ከጀልባ አይወረድም አላልኩም?!" ብሎ ጮኸ።

"ነፋሱ መጣ፣ አባዬ" አለች ሩፊና። "ውሃው ግን አልመጣም።"

ዶን ኤቫሪስቶ ትናንት የቀባውን ቅጥራን ሩፊና እጅ ላይ አየው።

"እኔ ነኝ!" አለች ኤልባ። "ከረሜላውን ስለበላሁበት ሐይቁ ተቀይሞ ነው፣ አይደል?"

ተንበርክኮ ጭቃውን ከፊቷ ጠረገላት። "አይደለም የኔ እናት። አንቺ የበላሽው አንድ ከረሜላ ነው። ሐይቁንማ የበሉት ከላይ ወንዙን በቦይ የጠለፉት ናቸው።"

ማታ ጫጩቱን ሳፋ ውስጥ አቆሙት። አባታቸው ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰ ጨውን ከእግሩ አሟሟለት።

በማግስቱ ሩፊና ስትነቃ ቅጥራን አልሸተታትም። ደጅ ወጣች። አባቷ ሁለቱን ሳንቃ በመጋዝ ቆርጦ ሣጥን እየሠራ ነው።

"ለምንድን ነው?"

"ለዕቃችን" አላት ቀና ሳይል። "ጨው ፋብሪካው ሰው ይፈልጋል አሉ። ጫጩትሽን መንገድ ላይ ውሃ ካገኘን እንለቀዋለን።"

ስለ ጀልባው አንድም ቃል አልተናገራትም። ሩፊና ከዚህስ ቢገርፋት ትመርጥ ነበር።