ኬርሚት ያጠበው አምስት ዶላር

ወንድሜን ኬርሚትን እወደዋለሁ። ያን ቅዳሜ ግን አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

የቶርቪል ባንክ፣ በአያቴ ዘመን እንደነበሩት የአሜሪካ የገጠር ከተማ ባንኮች ሁሉ፣ የራሱ ስም የታተመበት ገንዘብ ነበረው። እያንዳንዱ ኖት ላይ ፕሬዚዳንቱና ገንዘብ ያዡ በብዕር ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዥዋ አያቴ ሁልዳ ነበረች። ባንኩ ከስሮ ሲዘጋ ወረቀቱ ሁሉ ስለተቃጠለ ግን ማን ይመነኝ? የከተማው ታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር ሽማግሌው ኤልስዎርዝ፣ ሁልዳ ባንክ ቤት የምትገባው ለባሏ ምሳ ልታደርስ ነበር እያለ ይስቅብኛል። በማኅበሩ ሰሌዳ ላይም ገንዘብ ያዥ ተብሎ የተጻፈው የባሏ ስም ነው።

ስለዚህ የቶርቪልን ኖት ሳድን ኖርኩ። የሟች ዕቃ በሚሸጥበት ቤት ሁሉ እየገባሁ በገጾቹ መሀል ኖት ተደብቆ እንደሆነ ብዬ የሰው መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። በመጨረሻ አንዲት የገበሬ ሚስት ሟች ባሏ የደበቀውን አምስት ዶላር ሸጠችልኝ። አድፏል፣ ተጨማዷል። ከታች በስተግራ ግን፣ በደበዘዘ ቀለም፣ «ሁልዳ ትቬት» ይላል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ለማንም አላሳየሁም። ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በሚደረገው የማኅበሩ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ኤልስዎርዝን ላሳፍረው ፈለግሁ። ፍሬም እንዲሠራለት ብቻ ለኬርሚት ሰጠሁት።

አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እድፉን አይነካም። ኬርሚት ግን ሥራው አሮጌ ትራክተር ወልውሎ አዲስ ማስመሰል ነው። በሳሙና አጠበው፣ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈው፣ በካውያ ተኮሰው። ሊያስደስተኝ ብሎ! ፍሬሙን ያየሁት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው። የታተመው ሁሉ ያበራል። የብዕሩ ቀለም ግን ጠፍቷል። የምችለውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ ቄሱም ሰምተዋል።

ኤልስዎርዝ መጥቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

«ባዶ ነው። እኔ ምን አልኩሽ፣ ልጄ?»

ኬርሚትን ከኬክ ጠረጴዛው በእጅጌው ጎትቼ አመጣሁት።

«ንገረው» አልኩት።

«ፊርማ ነበረው» አለ፣ አፉ እንደሞላ። «ሁልዳ ትቬት ይል ነበር። ሳላጥበው አንብቤዋለሁ።»

ኤልስዎርዝ መነጽሩን አወለቀ።

«አንተ ካየኸውማ አለቀ። ሰሌዳውን እናርመዋለን።»

ይህን ያለው ለኬርሚት ነው፤ እኔ መሀላቸው ቆሜያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስጮህ ጆሮ አልሰጠኝም። ስሟን በበረኪና ያጠፋው ሰው ግን አንዴ ቢናገር ታመነ።

ሰሌዳው ተቀይሯል። «ሁልዳ ትቬት፣ ገንዘብ ያዥ» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ «ምስክር፦ ኬርሚት ትቬት» የሚል አለበት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።