ከአያት የወረደ የሆድ ቁርጠት

መምህር ወንዶሰን ነገሌ ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ሐሳቡን ሁሉ የያዘው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው የልጁ የረሆቦት ሕመም ነበር። ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። እሱም ‘ታይፎይድ ይሆናል፣ አሜባ ይሆናል’ እያለ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ያስውጣታል። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ ሲስተር መሱዳ የድሮ ተማሪው ነበረች።

“አካም፣ ባርሲሳ!” ብላ እንደ ተማሪነቷ ጊዜ በኦሮምኛ ‘እንዴት ነዎት፣ መምህር’ እያለች ወንበር ሳበችለት። ረሆቦት ተመርምራ የላቦራቶሪው ውጤት ንጹሕ ሆነ። ስለ መድኃኒቱ ስትሰማ ግን ፊቷን ቋጠር አደረገች።

“ባርሲሳ፣ አንጀት ውስጥ የሚጠቅሙን ባክቴሪያዎች አሉ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? መድኃኒቱ ሁሉንም ነው የሚጠርጋቸው። አንጀትና አንጎል ደግሞ ይነጋገራሉ ይባላል፤ ገና እየተጠና ነው።” ቀጥላ ጠየቀች፤ “ከቤተሰብ ጭንቀት ያለበት ሰው አለ?”

‘የለም’ ሊል አፉን ከፈተ። መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ከሰልፉ በፊት ሆዱን ይዞ ሽንት ቤት የሚደበቀው ግን ትዝ አለው።

“እኔ አለብኝ” አለ።

ረሆቦት ዞር ብላ አየችው። እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም።

“በዘር የሚመጣው ዝንባሌው ነው” አለች መሱዳ። “የቀረውን በአኗኗር ብዙ ማቅለል ይቻላል።”

ቤት ሲደርሱ ለአባቱ ለአቶ ወልደሚካኤል ነገራቸው። በጃንሆይ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ወደ ነገሌ የመጡት ሽማግሌ ሳቃቸውን ለቀቁት።

“ሐዋሳ ዕድገት ሰጥተውኝ ‘ጨጓራዬ አይችልም’ ብዬ የቀረሁት ለምን መሰለህ? ፈርቼ ነው! ዳኞቹን ሳስብ እዚህ፣ ከእምብርቴ በላይ፣ ይጠመዝዘኝ ነበር።”

“የእኔ ወደ ጎን ነው” አለ ወንዶሰን።

“የእኔ ደግሞ ከታች!” አለች ረሆቦት። ሦስቱም በረንዳው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን አልተገዛም። ረሆቦት ቁርሷን ሳትበላ አትወጣም፤ ማታ ማታ ከአባቷ ጋር በእግር ይሄዳሉ። ጾም ሲፈታ ቦረናዎቹ ከሚሸጡት እርጎ፣ ከኢቲቱ፣ ትጠጣለች። ቁርጠቱ ጨርሶ ባይጠፋም ቀለል አለላት። ከየትኛው እንደሆነ መሱዳ ስትጠየቅ “እንጃ፤ ከሁሉም ይሆናል” ነው መልሷ።

ሐምሌ ላይ ለማትሪክ ወደ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ስትሳፈር አውቶቡሱ በር ላይ ቆም አለች።

“አባዬ፣ መጣብኝ።”

“ይምጣ፤ አብሮሽ ይሳፈር” አላት። ፈገግ ብላ ገባች።

ፈተናው ባለቀ ዕለት ደወለች። “ሒሳብ ላይ ሆዴ ጮኸ፤ አጠገቤ የተቀመጠውም ሰምቷል! ግን ሁሉንም ሠርቼ ወጣሁ። አሁን ርቦኛል።”

አቶ ወልደሚካኤል ስልኩን ተቀብለው የምትበላውን አንድ በአንድ ይጠይቋት ጀመር። ወንዶሰን በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲያዳምጥ ቆየ።