ተነሺ የማይባልበት አግዳሚ

ሐሜት አይደለም፤ ያየሁትን ነው የማወራው። ያላየሁትን ብጨምርበትስ በእኔ ዕድሜ ማን ይከሰኛል?

የልጅ ልጄ ድንቡሼ፣ ሕፃን ሆና ሁለመናዋ ጉንጭ ስለነበር ነው ስሙ የወጣላት፣ አንድ ማለዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ከባሏ ቤት ወጣች። እኔ ያለሁበት ግቢ መጥታ አንዲት ክፍል ተከራየች። ፍራሽ፣ ሻንጣ፣ ግድግዳ። ሌላ ምንም የለም።

«መታሽ?» አልኳት።

«አልመታኝም እምዬ።»

«ሌላ ያዘ?» እውነቱን ልናገር፣ ይቺን ስጠይቅ ጆሮዬ ቆመ።

«አልያዘም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«በተጣላን ቁጥር ከወንበሬ ተነሺ ይለኛል። ከሶፋው ተነስቼ አልጋው ላይ ስቀመጥ፣ ከአልጋዬም ተነሺ። የገዛሁት እኔ ነኝ ይላል። ባለፈው እራቴን ቆሜ በላሁ። ሲነጋ ወጣሁ።»



ብዙም ሳይቆይ አማቷ «ቅዳሜ መጥቼ ይዣት እሄዳለሁ» ብላ ላከች። ይቺን ሴትዮ እኛ ግቢ «ሽቶ» ነው የምንላት። እሷ ገና ውጭ ሆና ሽቶዋ ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ድንቡሼ ወለሉን ስታይ ቆየች። «ወንበር እንኳ የለኝም። ሻንጣ ላይ ላስቀምጣት?»

«እኔ እገዛልሻለሁ።»

«ከዚያ ስትናደጂ አንቺም ተነሺ ትይኛለሽ።» ምላሷ በእኔ ወጥቷል፣ ምን አደርጋለሁ! «እምዬ፣ እስከ ቅዳሜ የምቀመጥበትን በገዛ እጄ ከሠራሁ እቀራለሁ። ካቃተኝ እመለሳለሁ።»

ይቺ ልጅ ምስማር የምታውቀው ቀሚሷን ሲቀድባት ብቻ ነው። ግን ከምትሠራበት ፋርማሲ ከተፈታ የመድኃኒት ሳጥን የወጣ ጣውላ ተሸክማ መጣች። ግቢያችን ጥግ ላይ አንድ አናጢ አለ፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ስሙን ማንም አይጠራውም፣ ምስማር ነው የምንለው። ሚስቱ ስለምታደርገው ነገር ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። እሱ መጋዝና መዶሻ አዋሳት። ሜትሩን ግን ለሥራ ይዞት ሄደ።

«ከአግዳሚ ጀምሪ» አላት። «አንድ ጣውላ፣ አራት እግር፣ እግሮቹን የሚያያይዝ ማገር። መጋዙን አትጫኚው፣ ራሱ ይብላ። ምስማሩንም ሳትመቺ በፊት ጫፉን በመዶሻ ቸብ ቸብ አድርገሽ አዶልዱሚው። ሹል ሲሆን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።»

«እንደ አንዳንድ ሰው ምላስ» አልኩ እኔ።

«እንደ እርስዎ ማለት ነው?» አለኝ፤ ስድ!

መጀመሪያ መጋዙና ጣውላው ተጣሉ። የድንቡሼ መዳፍ ውሃ ቋጠረ፣ አውራ ጣቷም በመዶሻው ጠቆረ። ግን ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትገው፣ ከሥሩ ቀይ ቀይ የሚል መልክ ወጣ። «እምዬ ንኪው!» አለችኝ። ነካሁት፤ የሕፃን ጀርባ ነው የሚመስለው።

እግሮቹን መለካት ላይ ስንደርስ ሜትር የለም። «ሜትር ምን ያደርጋል!» ብዬ ከጀመርኩት ሹራብ ክር ቆረጥኩላት። ቁመቱን ጉልበቷ ላይ ለክተን ቋጠርነው። ሁለቱን እግር እሷ ለካች፣ ሁለቱን እኔ። ቆረጠች፣ መታች፣ ዓርብ ከሥራ መልስ ጨረሰች።

ተቀመጠችበት። ቋ! ወደ አንድ ጎን ሄደ። ተስተካክላ ተቀመጠች። ቋ! ወደዚያኛው። ሁለቱ እግሮች ረዝመዋል፣ እነሱም በሰያፍ ነው የተገጠሙት። ድንቡሼ አላለቀሰችም። ቀሚሶቿን እያጠፈች ሻንጣዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ መጀመሪያ ሽቶዋ ገባ፣ ከዚያ እሷ ተከትላ ገባች።

«በይ ልጄ፣ ዕቃሽን ያዢ። ሶፋው እንኳ ናፍቆሻል።»

«ሶፋው ከናፈቃት ሶፋው ራሱ ይምጣ» አልኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ።»

ድንቡሼ መሬት መሬት እያየች «ይቀመጡ» አለቻት። ሽቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ተሽቀዳድሜ በሌላው ጫፍ። ቋ! እሷ ዝቅ ስትል እኔ ብድግ። ቋ! እኔ ዝቅ ስል እሷ ብድግ።

«ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

«እኔ ምን አደረግኩ? እርስዎ ነዎት እንደ በቅሎ የሚጋልቡት!»

ሽቶ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ባለ ቋጠሮ ክር ላይ ዓይኗ አረፈ። «በምን ነው የለካችሁት? በሹራብ ክር?» ክሩን አውርዳ ሳበችው፤ ረዘመ። ለቀቀችው፤ አጠረ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሹራብ ሠርቻለሁ። ይሄ ሲወጥሩት ሌላ፣ ሲያላሉት ሌላ ነው። ማነው የወጠረው?»

እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ደህና ጣሪያ ነው።

«ተይው ልጄ» አለች ሽቶ። «ቤትሽ ሙሉ ወንበር አለ።»

«የእኔ አይደለም እማማ። ተነሺ እባልበታለሁ።»

«ማን ነው የሚልሽ?»

«ልጅዎ። ሁልጊዜ።»

ሽቶ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «አባቱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አለች። «ልጄ ትንሽ ነበር። የሚሰማ አይመስለኝም ነበር።»

ከዚያ ኮቷን አውልቃ ሻንጣው ላይ ጣለችና አግዳሚውን ገለበጠችው። «መጋዙ የት አለ?»

ድንቡሼ በአጭሩ እግር ልክ ስንጥር ጣውላ ቆረጠች። ክር የለም፣ እንጨት በእንጨት። ረጃጅሞቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ሽቶ ያን የመሰለ ቀሚሷን ሰብስባ የተገለበጠው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለችና ጥርቅም አድርጋ ያዘችላት። የእንጨቱ ብናኝ ጫማዋ ላይ ሲዘንብ አላራገፈችውም። እኔን ግን ማንም ምንም አላስነካኝም።

መልሰው ሲገለብጡት ቆመ። ቀጥ! ሽቶ ተቀመጠች፣ ወዲህ ወዲያ እያለች ሞከረችው። ቋ የለም።

«ለልጄ ምን ልበለው?»

«መቀመጫ አላት ይበሉት» አለች ድንቡሼ፣ ሻንጣዋን እየከፈተች። ቀሚሶቿን አወጣች፣ አንድ በአንድ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው።

ሽቶ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች። «ለእኔም አንዲት ትንሽዬ ትሠሪልኛለሽ?»

«የት ያደርጓታል?»

«ሳሎን መሀል። ልጄ መጥቶ ሲቀመጥባት ተነስ እለዋለሁ።»

ድንቡሼ ያን ቀን ምሳዋን ተቀምጣ በላች። እኔም ጎኗ ተቀመጥኩ። ምስማርና ሚስቱ ደጅ መጨቃጨቅ ጀምረው ለወሬ ብድግ እስክል ድረስ፣ ተነሺ ያለኝ የለም።