ሰባት ሳይባል

«ስድስት» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ የጎረነነ የወንድ ድምፅ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ።

ዝምታው የሚጠበቅ ነበር። ሰባት ቁጥር ለገሠ ነው። ለገሠ ከሞተ ደግሞ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቆጠራውን የምትመራው ፀገነት በመጀመሪያው ቀን «ሰባት ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እንላለን፤ ከዚያ ስምንት ይቀጥላል» ብላ ነበር። ፍራሽ ላይ ያደሩት ለቀስተኞች ያቺን አንድ ትንፋሽ ከሟቹ ሚስት ከሰርክአዲስ ጋር ዋጧት።

አንድ ትንፋሽ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

«ስምንት?» አለች ፀገነት።

መልስ የለም።

«ስምንት! አቢይ፣ ትሰማኛለህ?»

ከአሥራ አንደኛው ፎቅ በታች የጆሃንስበርጉ ሂልብሮው ሰፈር ታክሲዎች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ስልኩ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሻይ በቀዘቀዘባቸው ብርጭቆዎች መካከል ተቀምጧል። ሁሉም እሱን ያያሉ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አሉ ጋሽ ገብርኤል። የቀድሞ ወታደሮቹ ማኅበር አንድ ቁጥር እሳቸው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ አሥር አለቃ ነበሩ። ሲፈሩ ጢማቸውን ይጎትታሉ። አሁን እየጎተቱ ነው።

«ለሁላችሁ የሠራው ኔትወርክ ለእሱ ብቻ ይጠፋል?» አለች ዘኪያ። የጅምላ ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው ናት፤ ከለገሠ ሞት ወዲህ ከዚህ ቤት አልወጣችም።

ቆጠራው የማኅበሩ ሥራ ነው። ፀገነት በጦር ሆስፒታል ነርስ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ዱርንፎንቴን ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለየቅዳሜው ለምና፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ተበትነው ሱቅ የሚጠብቁትን የቀድሞ ወታደሮች ሰበሰበች። ደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ እንቅልፋቸውን ትጠይቃለች፤ ታወራቸዋለች። ማን ከየትኛው ወገን እንደተዋጋ አይጠየቅም። ሚስቶቹ ደግሞ በጓዳው ክፍል ለብቻቸው ይቀመጣሉ። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በስልክ ቁጥራቸውን ይሰጣሉ። ቁጥሩ የጠፋ ሰው ካለ፣ የቤቱን ቁልፍ የያዘው ጓደኛው ሱቁን ጥሎ ይሮጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ በሌላ ሰው ቁጥር መመለስ የለም።

ሰርክአዲስ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አንሥታ ጋሽ ገብርኤልን አየች። ጢማቸውን ሳይሆን ከጢማቸው በታች ያለውን።

«ጋሽዬ፣ ይኼ የለበሱት ጃኬት የማን ነው?»

ጋሽ ገብርኤል ደረታቸውን ዳሰሱ። «የአቢይ ነው። ትናንት ማታ ሲወጣ ሰጠኝ። ብርድ ነው፣ ይልበሱት አለኝ። እኔማ እምቢ ብዬው ነበር፤ ግን…»

አቢይ ያንን ጃኬት ከአገሩ ይዞት የመጣ ነው። በበጋም ከላዩ አይወርድም ነበር።

የጓዳው ክፍል ትምህርት ትዝ አላት። ፀገነት ሚስቶቹን እያየች «የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ ዝም አትበሉ። በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም» ብላቸው ነበር። ያን ቀን ሰርክአዲስ አላመነቻትም። የሞትን ስም መጥራት ሞትን መጥራት መስሏት ነበር።

«የስምንት ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች ፀገነት ከስልኩ ውስጥ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ጋሽ ገብርኤል ጢማቸውን ለቀው በሹክሹክታ «ሰባት ጋ ነው» አሉ።

ከበሩ ጀርባ ሆስፒታሉ ለሰርክአዲስ የሰጣት፣ የለገሠ ዕቃ ያለበት የላስቲክ ከረጢት ተሰቅሏል። ሦስት ቀን ሙሉ አልነካችውም። አሁን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው፦ ቀበቶ፣ መነጽር፣ ግማሹ ያለቀ የደም ግፊት ኪኒን፣ የቁልፍ እስር። ከቁልፎቹ አንዱ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፎ በለገሠ እጅ «8» ተጽፎበታል።

ተነሣች።

«ወዴት? ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም!» አሉ ጋሽ ገብርኤል። «ዛሬ ሣልስት ነው፤ ሰው ይመጣል። እኔ ልሂድ።»

«ጋሽዬ፣ ትናንት ይኼን ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል» አለች ዘኪያ የመኪናዋን ቁልፍ እየፈለገች። «እርስዎ እዚህ ሆነው ሰው ይቀበሉ። ነይ አንቺ።»

«ማንም ስልክ አይዝጋ» አለች ፀገነት። «መስመር ላይ እንጠብቃለን። እኔም ወደዚያው እየወጣሁ ነው።»

*

ዘኪያ ስትፈራ ታወራለች። የበቆሎ ዱቄት በጫነችው ፒክአፕ ባኪዋ አቢይ ወደሚኖርበት ወደ ዳቬይተን እየነዳች ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ መብራት ስለጣሰ ታክሲ አወራች። ሰርክአዲስ አልሰማቻትም። ቁልፉን ስለጨበጠችው መዳፏ ላይ ጥርሱን አትሟል። ስልኳ ድምፁ ተከፍቶ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ከውስጡ የሰዎች ትንፋሽ ይሰማል።

ለገሠ ከባድመ ጦርነት ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የተመለሰው። ሙሉ አካሉን ይዞ ስለተመለሰ ታሟል ያለው ሰው አልነበረም። እሷም አላለችም። በተጋቡ በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ማለዳ ዳቦ እንዲያመጣ ትከሻውን ነቅንቃ ቀሰቀሰችው። እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ጀርባዋ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እሷን ግን አያይም። ሲነቃ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እንደ ሌላ ሰው እጅ እያገላበጠ ያያቸው ጀመር።

የመቀስቀሻውን መላ ያገኘችው ከጓዳው ክፍል ነው። «ከራስጌ አትምጪበት። በር ላይ ቆመሽ ስሙን ጥሪ። ካልሰማ በግርጌ በኩል ሄደሽ የእግሩን አውራ ጣት ያዢ። እግር ከእጅ ዘግይቶ ነው የሚደነግጠው።» በማግስቱ ሞከረችው። ለገሠ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያትና «ምነው ሰርኬ፣ ጣቴን ልትሰርቂ ነው?» አለ። ከተጋቡ ወዲህ ጠዋት ላይ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው።

የለገሠ ሱቅ ዳቬይተን ስለነበር ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ያድር ነበር። እሷ ሂልብሮው ሆና ጠዋት ጠዋት ቆጠራውን ታዳምጣለች። ለገሠ ዳቦ ይዞ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወደ አቢይ ሱቅ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአቢይ ስልክ ይመልሳሉ። ከእያንዳንዱ «ሰባት» በፊት አንዲት ሳል አለች፤ ከምሽግ አቧራ የተረፈች። ሳል፣ ከዚያ ሰባት። ለሰርክአዲስ ያ ማለት «እንደምን አደርሽ» ማለት ነበር።

በሞተበት ዕለት ግን ያቺ ሳል አልነበረችም።

«ሰባት» መጣ፤ ቀጭን፣ የተጣደፈ። «ስምንት» በዚያው ትንፋሽ ተከተለ። የማን ድምፅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ለገሠን እንቅልፍ ጥሎት ነው፤ አቢይ ሸፈነለት ብላ አሰበች። ወታደሮች ይኼን ያደርጋሉ። ካምፕ ውስጥ ለተኛ ጓደኛ «አለ» ብሎ መመለስ እንጀራ እንደማካፈል ነው። እንዲያውም ደስ አላት። እንቅልፍ ለለገሠ ብርቅ ነበር፤ ትንሽ ይተኛ አለች። ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አራት ሰዓት ላይ ደንበኞች የተዘጋ ሱቅ ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ የሚከፍት አጡ። ልቡ ነበር። ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ «ጠዋት ላይ ብታገኙት ኖሮ…» አለ። አስከሬኑ ትናንት ወደ አገር ቤት በረረ። እሷ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት አልሸኘችውም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ «አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? ምን ታውቂ ነበር?» ሲሏት አንገቷን ትነቀንቃለች። አቢይ በር ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እህል ሲሰጡት ሳህኑን ይይዛል፣ አይበላም። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላያትም። ቀና ብላ ያላየችው እሷ እንደሆነች አሁን ነው የገባት። አንዲት ቃል ብትነግረው ኖሮ። አንዲት።

«ደረስን» አለች ዘኪያ። ወሬዋን አቁማ ነበር።

*

የአቢይ ትንሽ የስፓዛ ሱቅ የብረት ፍርግርጉ ተቆልፏል። አንዲት አሮጊት ባዶ ዘንቢል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሳውቦና፣ ማማ» ብላ ሰላም አለቻቸው ዘኪያ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱቁን ሦስት ቀን አልከፈተም፤ ዛሬ ጠዋትም ጠራሁት፣ አልመለሰም፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ አልነበረም አሉ፣ ግማሹን በዙሉ ግማሹን በእጃቸው።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ አልገባ አላት። በሦስተኛው ዞረ።

ውስጡ የሳሙናና የፓራፊን ሽታ ነው። መደርደሪያዎቹ አንድም ዕቃ ሳይዛነፍባቸው ተሰልፈዋል። ወለሉ ተጠርጓል። ይኼ ጥራት አስፈራት። ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ቤት መሰላት። ከኋላ መጋረጃ አለ። ዘኪያ እጇን ያዘቻት፤ ሰርክአዲስ እጇን በቀስታ አስለቅቃ ብቻዋን ገባች።

ፍራሹ ላይ አንድ ሰው በብርድ ልብስ እስከ ራሱ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ይተነፍስ እንደሆነ አይለይም።

ልቧ ወደ ራስጌ ሮጠ። እግሯን አስቆመችው።

«አቢይ» አለች ከበሩ።

ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

«አቢይ። ሰርክ ነኝ።»

ምንም። ስልኩን እንደተከፈተ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። በግርጌ በኩል ተንበረከከች። ብርድ ልብሱን ገልጣ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ያዘች።

በረዶ ነበር።

ጣቱን መልቀቅ ፈለገች፣ አልቻለችም። የሐምሌ ብርድ ነው አለች ለራሷ፤ ሲሚንቶ ላይ ነው የተኛው፤ የሁሉም ሰው እግር እንዲህ ይቀዘቅዛል። ያለችውን አላመነችውም። የለገሠን እግር ማንም እንዲህ ቶሎ መጥቶ አልያዘለትም። አጥብቃ ጨመቀች።

ጣቱ ታጠፈ።

«ተዪኝ እትዬ» አለ ከብርድ ልብሱ ሥር የሰው ድምፅ።

እዚያው ግርጌው ተቀመጠች። አቢይ ፊቱን ገለጠ። አልተኛም ነበር። ዓይኑ ከትናንት ጀምሮ ያልተከደነ ይመስላል። ስልኩ ትራሱ አጠገብ በርቷል።

«አቢይ፣ ልጠይቅህ ነው፤ እውነቱን ንገረኝ። ራስህን ልትገድል አስበሃል?»

ደነገጠ። እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ረገብ አለ።

«ትናንት አስቤ ነበር» አለ። «ቤቱን ጠረግኩ። ከዚያ… እንጃ። ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ከፈትኩት። ስድስት ተባለ። ሰባት ሳይባል ስምንት እንዴት ልበል?» ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። «እትዬ፣ ያን ቀን ሰባት ያልኩት እኔ ነኝ። የእሱ ሱቅ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት መንገድ ነው። ሁለት መንገድ ብሻገር…»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰምቼህ ነበር። እዚያው በሰዓቱ። ሳሊቱ አልነበረችም። አንተ እንደሆንክ አውቄ፣ ይተኛ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።»

አቢይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ይቅር የሚል ቃል ሁለቱም ጋ አልነበረም፤ የመጣም እንደሆነ ማን ለማን እንደሚለው አታውቅም ነበር።

«እዚህ ብቻህን አታድርም» አለችው። «ፀገነት እየመጣች ነው። ከእኛ ጋር ትሄዳለህ። ደግሞ ጃኬትህን ጋሽ ገብርኤል እንደ ሎተሪ ይዘውታል፤ ራስህ ሄደህ ተቀበላቸው።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። ሁሉም እዚያው ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

«አግኝቼዋለሁ። አጠገቤ ነው» አለች።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ሌላው ተንሰቀሰቀ። ፀገነት እንደ ዘወትሩ፣ ግን በጣም በቀስታ «ቆጠራ» አለች።

«አንድ» አሉ ጋሽ ገብርኤል ከሂልብሮው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ተከተሉ።

«ስድስት።»

አቢይ ስልኩን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ሰርክአዲስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ሰው ሁሉ ስታለቅስ ቆይታ፣ ይኼን ቃል ግን አንድም ጊዜ ከአፏ አላወጣችውም።

«ሰባት የለም» አለች።

መጋረጃው ጀርባ ዘኪያ ስታለቅስ ተሰማ።

«ስምንት» አለ አቢይ።

«ዘጠኝ» አለ ሌላው። ቆጠራው ቀጠለ። ሰርክአዲስ የአቢይን አውራ ጣት እስካሁን አለመልቀቋን ያወቀችው በእጇ ውስጥ መሞቅ ሲጀምር ነው። ብርድ ልብሱን ስባ እግሩን ሸፈነችለት፤ እጇን ግን እዚያው ከሥሩ ተወችው።